ጊታሩን ያተረፈ እጅ

ነይ እስቲ ጣትሽን አሳዪኝ። እህ! ይሄ ነው እንግዲህ የሚያስለቅስሽ? ጫፉ ትንሽ ቀላ፣ ቆዳው ተላጠ፣ አለቀ! አሽትቺው እስቲ፤ ያ የጊታር ክር ብረት ሽታ በሳሙናም አይለቅ። እኔን ይኸው አሁን ይዞኝ ንፋስ መውጫ ገባ፣ አሥረኛ ክፍል የተማርሁበት ከተማ።

ጊታር ያስተማረኝ የእንግሊዝኛ መምህራችን ነበር፤ ከትምህርት በኋላ፣ የተከራየበት ቤት ደጅ ላይ፣ የማታ ፀሐይ እየሞቅን። የጊታሩን አንገት እንደሚታረድ ዶሮ አንቄ ስይዘው «ኧረ አትግደዪው! ጫን ማለት ይበቃል» ይለኛል። «መጀመሪያ ቃኚ። ቀስ ብለሽ ያልቻልሽውን ፈጥነሽ አትችዪውም። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ፤ ጣትሽ ሲቆስል ደግሞ አሳርፊው።» እኔ የት አርፌ! እልኸኛ ነኝ፤ ጣቴ እስኪደማ ቀጠቀጥሁት።

አንድ ቅዳሜ ታላቅ ወንድሜ ከአገራችን ከስማዳ በሶና ድርቆሽ ይዞልኝ መጣ። ሁለት እጄን ሲጨብጠኝ ተሳቀቅሁ። ግራዬን ገልብጦ አየው።

«ማነው እንዲህ ያረገሽ?»

«ኧረ ቲቸር ሲያስተምረኝ ነው…» ከማለቴ ሽመሉን አንስቶ ወጣ። እሱንም በልጅነቱ ጣቱን በዱላ ቀጥቅጦ ከትምህርት ያስቀረው ሌላ መምህር ነበር፤ የቀረውን ከየት ይስማኝ! «ጋሼ፣ ጊታር ነው! ጊታር ነው!» እያልሁ ከኋላው ሮጥሁ።

መምህሩ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይቃኝ ነበር። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ ወርዶ ሸሚዙን አራሰው። «የሰው ልጅ እንዲህ ይደረጋል? አሳይሃለሁ!» እያለ ወንድሜ ያጓራል። ወገቡ ላይ ብጠመጠም በክርኑ አፌን ብሎ ጣለኝ። ዱላው ወደ ጊታሩ ሲመጣ መምህሩ ጊታሩን ከጀርባው ሸሸገና ቀኝ እጁን አስቀደመ። ቀጭ ሲል ሰማሁት። ዛሬም ደረቅ እንጨት ሲሰበር ጆሮዬን እደፍናለሁ።

ጎረቤት ደርሶ ወንድሜን በጡጫ በእርግጫ እያለ ጣለው። ደም እየተፋሁ ጊታሩን አነሳሁና ክሩን በቆሰለው ጣቴ ጫን አድርጌ አሳየሁት። «እኔ አፈር ልብላ!» አለ ወንድሜ።

በሽማግሌ ታረቁ። ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ መምህሩ እግር ላይ ወደቀ። መምህሩም «ካሳ አልፈልግም፤ እጄ እስኪድን ያጉርሰኝ» አለ። ቀልዱን ይሁን የምሩን ማንም አላወቀ፤ ወንድሜ ግን የምር አደረገው። እርሻውን ለጎረቤት አደራ ብሎ ከተማ ሰነበተ፤ እንጀራውን ሽሮ እያስነካ ጠዋት ማታ ያጎርሰዋል። እኛም ልምምዱን አልተውንም። መምህሩ በግራ እጁ ክሩን ይጫናል፣ እኔ በቀኜ እመታለሁ፤ አንድ ጊታር ለሁለት። መቸኮል የተውሁት ያኔ ነው፤ የእሱን ጣት ሳልጠብቅ መምታት አልችልማ!

ወጌሻው ፋሻውን የፈታ ዕለት መምህሩ ጊታሩን ታቀፈ። አውራ ጣቱ ክሩን ነካ፤ ሌሎቹ እንደተኮራመቱ ቀሩ። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ጊታሩን ጭኔ ላይ አስቀመጠው። አቤት፣ ያን ቀን ወንድሜን በጥርሴ ብዘለዝለው ደስ ባለኝ! ዞር ስል ግን የለም። ከቤቱ ጀርባ «ምነው እጄን በቆረጠው!» እያለ መሬቱን በጡጫ ሲደበድብ አገኘነው።

«በቃህ፣ ተነስ» አለው መምህሩ፤ ሊያነሳውም ያንኑ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ወንድሜ ቀና ብሎ አየውና መያዝ ፈራ።