በግመል ፀጉር የተከፈለ ካሳ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ጅግጅጋ ውስጥ ዘወትር በምቆርስበት ቤት ተቀምጬ ላሆህ የሚባለውን ስስ ቂጣ በማር እየበላሁ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላወቅሁትም። ድምፁን ግን ገና «ሃሎ» ሲል ለየሁት።

«ሰብልዬ! ረሳሽኝ አይደል?»

ዶክተር መስፍን ነበር። ሰው እናቱ የተወለደችበትን ቀን ይረሳል፣ የቤቱን ቁልፍ ይረሳል፣ ያዋረደውን ሰው ግን እንዴት ብሎ ይረሳል? «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ዶክተር አዲስ ጥናት እንዳገኘ፣ ሥራው ደምበልና ደወሌ ድረስ እንደሚወርድ፣ እኔ ካልረዳሁት ግን እንደማይሆን ነገረኝ። «ያለፈው አልፏል፣ እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» አለ። መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁት። ላሆሁም ቀዘቀዘ።

መጀመሪያ ከእሱ ጋር ስሠራ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲ በእንስሳት ሳይንስ ከተመረቅሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። የአባቴ አያት ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ ቀሩ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ እኔም ሶማሊኛን የተማርኩት ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ ነው። ዶክተር መስፍን ከአዲስ አበባ መጥቶ ቋንቋ የሚያውቅ ረዳት ሲፈልግ የተገኘሁት እኔ ነበርኩ። ሥራው ካማረ እዚሁ ከተማዬ ቋሚ ቅጥር እንደሚጠብቀኝ ቃል ተገባልኝ። እናቴ ገና ሳልሄድ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

ጥናቱ የግመል ዘረመል ነበር። በጅግጅጋ ሜዳ ያለው ግመልና ወደ ሰሜን፣ በደምበልና በደወሌ በኩል ያለው ግመል በደም ይለያያል ወይ? ፀጉር ከነሥሩ ከጭራ ይነቀላል፣ በፖስታ ይታሸጋል፣ አዲስ አበባ ይመረመራል። እውነት እውነት ነውና፣ ዶክተር ሲያስረዳ ይጥም ነበር። መኪና ውስጥ ሳልሞን ስለሚባለው አሳ ነገረኝ። ሳልሞን ወንዝ ውስጥ ተፈልፍሎ ባሕር ወርዶ ያድጋል፤ ለመራባት ግን ተመልሶ የሚወጣው ወደተፈለፈለበት ወንዝ ነው። ስለዚህ የሁለት ወንዝ አሶች ባሕር ላይ አብረው ቢውሉም አይዋለዱም፤ ብዙ ትውልድ ሲያልፍ በመልክ አንድ ሆነው በደም ይለያያሉ።

«የግመልስ ወንዟ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጉድጓዷ ነዋ! ከየትኛው ጉድጓድ ነው የምትጠጣው? ከማን መንጋ ጋር ነው የምትውለው? ዋናው ነገር ቦታው ነው፣ ሰብልዬ።»

ይህን ያለው እሱ ራሱ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ጊዜው በጋው የከረረበት ነበር። የደምበል መንገድ አቧራው መስኮት ቢዘጋም ይገባል፤ ከንፈር ላይ ጨው ጨው ይላል። ሾፌራችን አብዲ የጅግጅጋ ልጅ ነው፣ ሲጠራኝም «አባዮ»፣ እህቴ ይለኛል። ልንደርስ ስንል ለዶክተር ሁለት ነገር ነገርኩት። የሰው ግመል ሲያደንቅ አስቀድሞ «ማሻ አላህ» እንዲል፤ ብዛታቸውን ደግሞ ፈጽሞ እንዳይጠይቅ። በዚያ አገር ያለ ማሻ አላህ ያደነቀ ዓይኑን የጣለ ያህል ነው፤ የሰውን ከብት መቁጠርም ክፉ መመኘት ነው። ዶክተር ሳቀ። «ሳይንስ ይዤ መጥቼ አጉል እምነት ልታስተምሪኝ ነው?» አለኝ።

ግመሎቹ የአዴር ሮብሌ ነበሩ። አዴር ማለት አጎት ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይላቸዋል። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። ለዶክተር የታጠነ ዕቃ ውስጥ ያለ የግመል ወተት ቀረበለት። እኔ የግመል ወተት እንደማልጠጣ አብዲ ስለነገራቸው ለእኔ በፍየል ወተት ሻይ አስፈሉልኝ። ዶክተር ግን ዕቃውን በእጁ ገፋ አድርጎ ብድግ አለና አንዲት ነጭ የምታጠባ ግመል ጀርባዋን መታ መታ እያደረገ «ይቺ እንዴት ያለች ናት! በጠቅላላ ስንት አላችሁ? ሃምሳ ይሆናሉ?» አለ፤ በጣቱም ይቆጥር ጀመር።

አዴር ሮብሌ አልተቆጡም። «ዛሬ ደክመዋል፣ ነገ ኑ» አሉ። በማግስቱ ስንደርስ ጉድጓዱ ዳር ፋንድያ ብቻ ነበር። መንጋውን ይዘው ሄደዋል።

ዶክተር ሙቀቱም ንዴቱም አላስቀመጠው። ደወሌ ይቅርብኝ አለ። አውሮፕላን ወደሚሳፈርበት ድሬዳዋ ስንሸኘው ባቢሌ ላይ አብዲን አስቆመውና ለውዝ እየፈለፈለ ወደ ግመል ገበያው ገባ። ከዚያም ለሽያጭ ከታሰሩት ግመሎች ጭራ ፀጉር እያስነቀለ «ደምበል» ተብሎ በተጻፈው ፖስታ ማስገባት ጀመረ።

«ዶክተር፣ እነዚህ ከየት እንደመጡ በምን እናውቃለን? ከየአገሩ እኮ ነው የሚነዱት» አልኩ።

የለውዝ ቅርፊቱን ተፋና «ሰብልዬ፣ ግመል ግመል ነው» አለኝ።

ውጤቱ ሲመጣ ድብልቅልቅ ያለ ሆነ። የደምበል የተባለው ከሁሉም ጋር ይመሳሰላል። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ጥያቄ አነሱ። ዶክተር ጅግጅጋ መጥቶ፣ ይቀጥሩኛል የተባሉት ሰዎች ሁሉ ባሉበት፣ እኔም በር አጠገብ ወንበር ይዤ በተቀመጥኩበት «የአካባቢው ረዳታችን ናሙናውን ቀላቅላብናለች፤ ልጅ ናት፣ አትፍረዱባት» አለ። ያ «አትፍረዱባት» እስከዛሬ ያቃጥለኛል። የባቢሌውን ተናገርኩ፤ ማን ይስማኝ? አብዲም እንጀራው ነውና አንገቱን ደፋ። ቅጥሩ ቀረ። ከተማው ትንሽ ናት፤ ሱቅ የሚመጣው ሁሉ አባቴን «ልጅቷ ምን አጥፍታ ነው?» ይለው ጀመር፤ አባቴም ጨርቁን መለካቱን ይቀጥላል።

በዚያ ሰሞን የዶክተርን ፊት እያሰብኩ ነበር የምነሳው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን አብረን እንሂድ ስትለኝ እምቢ አልኩ።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለችኝ።

«ለዚህ እኮ ነው ጸሎቱን የተውኩት፣ እማዬ። ቂሙን ልጨርስና እመለሳለሁ።»

ሁለተኛ ዲግሪ ገባሁ። መምህሬ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ምን ልሥራ ስላቸው ያንኑ ጥናት አልኩ። አብዲን ለመንኩት። ዝምታው ሳይከነክነው አልቀረም፣ የዘመዱን መኪና ተውሶ መጣ። ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዘን ደምበል ወረድን። አዴር ሮብሌ አወቁኝ። ቆሜ «ማሻ አላህ» አልኩ፣ ዓይኔን ከግመሎቹ መልሼ መሬት መሬት አየሁ።

«ያ ቆጣሪው ሰውዬ የት አለ?» አሉኝ።

«አዴር፣ እሱን ልበቀለው ነው የመጣሁት» አልኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ጢማቸውን አሹ። «በእኛ ዘንድ ሰው በሰው ፊት ያዋረደ ሐል ይከፍላል» አሉ፤ የስድብ ካሳ ማለታቸው ነው። «ግመል ያመጣል፣ በሽማግሌ ፊት ይሰጣል። አንቺ ስንት ትፈልጊያለሽ?»

«ግመል አልፈልግም፣ ፀጉሩ ይበቃኛል።»

ሳቃቸው ልጆቹን ሁሉ ጠራ። እሳቸው እየያዙልኝ፣ እያንዳንዷን በእናቷ ስም እየጠሩልኝ ነቀልኩ። ነጯንም ጭምር። ከዚያ የጅግጅጋ ሜዳውን ፀጉር ሰብስቤ በባቡሩ ሐዲድ በኩል ደወሌ ወረድኩ፣ እንደ ምጣድ በጋለ አሸዋ ላይ። ባቢሌም ገብቼ ከገበያው ወሰድኩ፤ ይህን ግን «ባቢሌ ገበያ» ብዬ ጻፍኩበት። መምህሬም የዶክተርን የቀሩ ፖስታዎች ከቤተ ሙከራው አስወጡልኝ።

ቀኑ የደረሰው ድሬዳዋ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ነው። ዶክተር ፊተኛው ወንበር ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። የምርመራውን ውጤት በሥዕል ግድግዳው ላይ አበራሁ። የጅግጅጋ ሜዳ ግመሎች ባንድ ወገን ተሰብስበዋል፤ የደምበልና የደወሌዎቹ በሌላው ወገን። የሁለት ወንዝ አሶች ማለት ናቸው። የዶክተር «ደምበል» ግን ደምበል አጠገብ የለም፤ ከባቢሌ ገበያ ጋር ተበትኖ ይገኛል።

«ዶክተር መስፍን አዳራሹ ውስጥ ስላሉ አንድ ነገር ልጠይቃቸው» አልኩ። «ደምበል ላይ ፀጉር የወሰዱት ከማን ግመል ነው? የአንድ ባለቤት ስም ብቻ ይንገሩን።»

«ረዳቴ... እንግዲህ ያኔ ረዳቴ ናት...» አለ።

«ረዳትዎ እኔ ነኝ። እኔ የባለቤቱን ስም አውቃለሁ። እርስዎስ?»

አጣጥፎት የነበረውን እግሩን አወረደ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ብዙ ሰው ሳቀ። ይቅርታ ማድረግ ደስ ይላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልሞከርኩትም። ያን ዕለት ማታ የተኛሁትን እንቅልፍ ግን ከዚያ በፊት ተኝቼው አላውቅም። እሁድ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ዛሬ ጅግጅጋ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የሳልሞኑን ነገር እነግራቸዋለሁ፣ ከማን እንደሰማሁት ግን አልናገርም። ቂሜ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም ባሕር ወርዶ ነው እንጂ አልሞተም፤ «ሰብልዬ» ሲለኝ ወደ ወንዙ ተመለሰ።

ትናንት መልሼ ደወልኩ።

«እረዳዎታለሁ፣ ዶክተር» አልኩት። «አስቀድመው ግን አዴር ሮብሌ ፊት ሐል ይከፍሉኛል። አንዲት ግመል።»

ሳቀ። «አንቺ የግመል ወተት እንኳ አትጠጪ፣ ምን ታደርጊያታለሽ?»

«በእሳቸው መንጋ ውስጥ ትውላለች። እያየኋት እደሰታለሁ።»

አሁን ሳቁን አቆመ። እየቀለድኩ አለመሆኔ ገባው። በድካም ድምፅ «እሺ፣ ይሁን» አለኝ።

«የደምበል ግመል ትሁን» አልኩት። «ከባቢሌ ገዝተው እንዳያመጡልኝ፤ ከጭራዋ ነቅዬ አስመረምራለሁ።»