በኮባ ቅጠል የቀረበልኝ ምሳ

ጂንካ ከተማ፣ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ሆኜ የገባሁት ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ከዋልኩ በኋላ ነው። ባለቤቷን እትዬ እንላቸዋለን፤ ከመሃል አገር መጥተው የከፈቱት ቤት ነው። ወጥ ሠሪዋ ግን እንደ እኔው የአሪ ልጅ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ወላጆቿ ገበሬዎች ናቸው። ደንበኞች አማርኛዬን ሰምተው ስለሚስቁ አፌን ብዙ አልከፍትም ነበር። እትዬ ዝምታዬን እንደ ጨዋነት ቆጠሩልኝ። ለመጣ ሰው ሁሉ ይቺ ልጅ ድምፅ የላትም እያሉ ያመሰግኑኛል።

ዝም የምለው ግን በአማርኛዬ አፍሬ ብቻ አልነበረም። እኛ ማና ነን። በአሪ ምድር ሴቶቹ ሸክላ የሚሠሩ፣ ወንዶቹ ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ማና ይባላሉ። ገበሬው ድስቱንም ማረሻውንም ከእኛ ይገዛል፤ አብሮን ግን አይበላም፣ ቤቱም አያስገባንም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የክፍሉን ኩባያ አልነካም ነበር። ከቧንቧው በእፍኜ እጠጣና እጄን በቀሚሴ አደርቃለሁ።

ወንድሜ ከእኔ ቀድሞ ጂንካ ገብቶ ብየዳ ይሠራል። በርና መስኮት የሚያሠራው ሰው ሁሉ ባለሙያው ይለዋል። ሻይ ቤት ከገበሬ ልጆች ጋር ተቀምጦ በብርጭቆ ይጠጣል። እኔም ከተማ ስገባ እንደ እሱ የምሆን መስሎኝ ነበር፤ ደግሞም ለጥቂት ጊዜ ሆኜ ነበር። ወጥ ሠሪዋ ሰፈሬን ስትጠይቀኝ የሩቅ ቀበሌ ስም ጠርቼ አለፍኩት። በአሪኛ እያወራን ሽንኩርት እንከትፋለን፣ ምሳ ከአንድ ትሪ እንበላለን። ፀጉሬን የምትሠራኝም እሷ ነበረች። ዝናቡ ሲገባ ወጥ አስተምርሻለሁ ብላኝ ነበር። ከዕቃ ማጠቢያው ተነስቼ ምድጃው አጠገብ የምቆምበትን ቀን እያሰብኩ እሠራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እትዬ ለሽሮ የሚሆኑ የሸክላ ድስቶች ከገበያ በባጃጅ አስጭነው መጡና አስገቢ አሉኝ። ገዢ የድስቱን ሆድ በጣቱ መታ መታ ያደርግና ይበቃዋል። እኔ ግን ሳላስበው አንዱን ድስት በግራ መዳፌ ላይ አስቀምጬ እርጥብ አውራ ጣቴን በከንፈሩ ዙሪያ ቀስ አድርጌ አዞርኩት። ስንጥቅ ካለው እርጥበቱ ይገባበትና መስመሩ ይታያል። እናቴ ከእሳት ያወጣችውን ድስት ሁሉ እንደዚህ ታየዋለች። ቀና ስል ወጥ ሠሪዋ ቆማ እጄን ታያለች።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

ድስቱን ቶሎ አወረድኩት። እሷ ግን መልስ አላስፈለጋትም፤ ድስት እንዲህ የሚፈትሽ ማና ብቻ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከጓሮ የኮባ ቅጠል ቆርጣ መጣች። ድርሻዬን ቅጠሉ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ አስቀመጠችልኝ። ገበሬ ማናን የሚያበላው እንዲህ ነው፤ ቅጠሉ ይጣላል፣ ዕቃው አይነካም። እትዬ የተጣላን መሰላቸው። ሁለታችሁም የዚሁ አገር ልጆች አይደላችሁም ወይ ብለው ጠየቁ። ወጥ ሠሪዋ ከእኔ ጋር መቆጠሯ ቅር ብሏት ነገሩን አስረዳቻቸው። እትዬም ለእሳቸው ሁላችንም አንድ እንደሆንን፣ ግን ቅዳሜ ለገበያ የሚመጣው የገበሬ ደንበኛ እንዳይቀርባቸው ምድጃው አጠገብ እንዳልደርስ ነገሩኝ።

ከሥራ ወጥቼ ወንድሜ ዘንድ ሄድኩ። አዘነልኝ። እሱንም መጀመሪያ ላይ እንዲህ እንዳደረጉት፣ ታግሼ ሙያ ብይዝ እንደሚረሱት ነገረኝ። እየበየደ ሳለ እጁን አየሁት። የእሱ እጅ የሚነካው ብረት ነው፤ በር የሚበላ ሰው የለም። ሴት ልጅ ከተማ ገብታ የምታገኘው ሥራ ደግሞ ማጀት ነው፣ የማጀት ሙያ ሁሉ ሰው አፍ ውስጥ ይገባል። ይህን በልቤ ይዤ ወደ ማደሪያዬ ሄድኩ።

እንደማልመለስ ወስኜ ነበር፤ ሲነጋ ግን ሄድኩ። ወጥ መማር እፈልግ ነበር። ምሳ ላይ ቅጠሉ ሲቀርብልኝ እስከዚያ ቀን የማላውቀው ድፍረት መጣብኝ።

«ሽሮው የተሠራበት ድስት ከእኛ መንደር ነው» አልኳት።

«እሳት አልፎበታል» አለች ሳታየኝ።

«እኔስ እሳቱ አጠገብ አይደል ያደግሁት?»

ልትስቅ ስትል ፊቷን አዞረች። ቅጠሉ ግን አልቀረም። ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ በቅጠል በላሁ።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ የወጥ ሠሪዋን አባት የሚያውቁ ሽማግሌ ከገበያ መጥተው ሽሮ አዘዙ። እሷው ሠርታ እሷው አቀረበችላቸው። ሊቆርሱ ሲሉ በማጀቱ በር በኩል አዩኝ። እናቴ ዘንድ እየመጡ ድስት የሚገዙ ሰው ናቸው። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

«ቢሆንም። ከእሷ ጋር አንድ ማጀት ውለሻል» አሉና ሳይቀምሱ ወጡ።

ትሪውን ይዛ ትንሽ ቆመች። በእሷ እጅ የተሠራ ምግብ የተጠየፈ ሰው ከዚያ በፊት ያጋጠማት አይመስለኝም። ወደ ማጀት ገባች። ለእኔ የቆረጠችው ቅጠል መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አላነሳችውም። ትሪውን መሃላችን አስቀምጣ በርጩማዋን ሳበች።

«ይቀዘቅዛል፣ ቅረቢ» አለችኝ።

አልተንቀሳቀስኩም። እሷ ቆርሳ ጎረሰችና ጠበቀችኝ። ተጠግቼ ቆረስኩ።

«ጨው በዝቶበታል» አልኳት።

እንደገና ቀመሰችው። «እንግዲያው ሽማግሌው ተርፈዋል» አለችና ሳቀች። «ሰኞ አንቺ ትሠሪያለሽ።»

ሰኞ ሠራሁ። እትዬ በሩን በሩን እያዩ ዋሉ፤ ከምድጃው ግን አላስነሱኝም። ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ደጅ መጥተው የሚመለሱ አሉ። ሽሮው ግን ያልቃል።