ዋና ሳልችል ወደ ኩባር ደሴት

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቁርጡባ፣ ኩዌት

ቤቱ ሳይነቃ ሦስት የበረዶ ሳጥን ሞልቼ በር ላይ ደርድሬያለሁ፤ ውሃ፣ ሐብሐብ፣ የተጠቀለለ ሳንዱች። ዛሬ ከአሠሪዬ ከማዳም ቤተሰብ ጋር ወደ ደሴት ልንሄድ ነው፤ እኔ ግን ብቀር ደስ ባለኝ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያለው ኤጀንሲ ቅጽ ሲሞላልኝ፣ "የምትጠየቂውን ሁሉ እችላለሁ በይ" ተባልኩ። ምግብ? እችላለሁ። ካውያ? እችላለሁ። ዋና? እችላለሁ። እኔ እኮ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ገብቼ የማላውቅ ሰው ነኝ። እስካሁን ከልጆቹ ጋር ባሕር የምትሄደው ፊሊፒናዊቷ ባልደረባዬ ስለነበረች ውሸቴ ተኝቶ ኖረ። ባለፈው ወር እሷ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ገባች። ዛሬ የማዳምን ልጅ፣ የስድስት ዓመቷን ዳናን ይዤ ውሃ የምገባው እኔ ነኝ።

ሾፌራችን ጋሽ ደምሴ ሳጥኑን እየጫኑ ፊቴን አዩት።

"ጽጌ፣ ዋና ትችያለሽ እንዴ አንቺ?"

"ወረቀቴ ይችላል።"

"እንግዲያው ወረቀትሽን ላኪው፣ አንቺ ቅሪ" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለማዳም ንገሪያት፣ ልጄ።"

"ወደ መክተብ ብትመልሰኝስ?"

መክተብ እዚህ ያስቀጠረን ቢሮ ነው። እዚያ የተመለሰች ሴት ቀጥሎ ማን ቤት እንደምትላክ አታውቅም። ጋሽ ደምሴም የመጨረሻውን ሳጥን ጭነው የመኪናውን በር ዘጉ።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ወደቡ

መርከቧ ባለ ሁለት ፎቅ ብትሆንም ትንሽ ናት፤ ሰው ሲራመድባት ትወዛወዛለች። ካፒቴኑ ጥርሱ በሲጋራ የወየበ ግብፃዊ ነው።

"ዛሬ ባሕሩ ምንጣፍ ነው" አለኝ፣ የመርከቧን መደገፊያ ብረት ጭምቅ አድርጌ መያዜን አይቶ።

ከምንጣፉ ሥር ያለው ነው የሚያስፈራኝ። የከተማው ፎቆች እያነሱ፣ እያነሱ ሄደው አቧራማው ጭጋግ ዋጣቸው። ከዚያ በኋላ የማየው ውሃ ብቻ ነበር።

ሦስት ሰዓት፣ ኩባር

ደሴቷ ዝቅ ያለች ነጭ አሸዋ ናት። ወፎቹ ሰማዩን ሞልተው ይንጫጫሉ። እንቁላላቸውን ሜዳው ላይ ስለሚጥሉ ካፒቴኑ፣ "ወደ ላይኛው አሸዋ ማንም እንዳይወጣ" ብሎ አስጠነቀቀ። ከመሰላሉ ሥር ውሃው እንደ መስታወት ጠርቶ፣ ቁጥቋጦ የመሰለው፣ ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ ይታያል። ጥቂት ክንድ አልፎ ግን ድንገት ይጠቁራል። እዚያ ታች ምንም አይታይም።

ዳና ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ላይፍ ጃኬቷን ለብሳ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆመች።

"ማማ፣ አንገቴን ያሳክከኛል።"

"ከጽጌ ጋር ነሽ፣ አያስፈልግሽም" አለች ማዳም። ማሰሪያውን መፍታት ጀመረች። አንዱ ተፈታ። ሁለተኛው ተፈታ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ አፌ ራሱ ተናገረ።

"ማዳም፣ አትፍቺው።"

"ለምን?"

"ዋና አልችልም።"

"ወረቀትሽ ላይ እኮ…"

"ወረቀቱ ላይ ዋሽቻለሁ።"

ጥቁሩን ውሃ አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። የፈታቻቸውን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ መልሳ ቆለፈች።

"ከእጅሽ ብታመልጥ ምን ልታደርጊ ነበር?"

"ዘልዬ መግባት።"

"ከዚያስ?"

ከመሰላሉ አጠገብ ገመድ አንስቼ ከዳና ጃኬት ጋር አሰርኩት።

ዳናን ካፒቴኑ ይዟት ወረደ። እኔ መሰላሉ ላይ ተቀምጬ የገመዱን ሌላ ጫፍ የእጄ አንጓ ላይ ጠመጠምኩት። "ጽጌ፣ ዓሣ! ቢጫ ዓሣ!" ትላለች። እኔ የማየው የእሷን ጭንቅላት ብቻ ነው።

በመርከቧ ስንመለስ አብራን የመጣችው የማዳም እህት፣ "መልሻትና ሌላ ውሰጂ" ስትላት ሰማሁ። ማዳም ዓይኗን ከባሕሩ አላነሳችም። ሐብሐቡን እየቆረጥኩ እጄን ልቆርጥ ምንም አልቀረኝ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ቁርጡባ

ጋሽ ደምሴ የመኪናውን በር ከፍተው በዓይናቸው ጠየቁኝ።

"ነገርኳት" አልኩ በሹክሹክታ።

"እና?"

"እኔ ምን አውቃለሁ።"

ማዳም የተኛችውን ዳናን ከመኪናው አውጥታ ፊቴ ቆመች።

"ሌላስ የዋሸሽኝ አለ?"

አሰብኩ። "ዓሣ መሥራት እችላለሁ የሚለው። የተማርኩት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፣ ከዩቲዩብ።"

"ዓሣሽን ሦስት ዓመት በልቼ አልሞትኩም" አለች፣ ሳትስቅ። "በልጄ ግን ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ።"

"አልዋሽም፣ ማዳም።"

ልጅቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋልኝ ቀድማኝ ገባች። መክተብ የሚለውን ቃል አላነሳችም። እኔም ደረጃውን ወጥቼ ዳናን አልጋዋ ላይ አስተኛሁና የበረዶ ሳጥኖቹን ላጥብ ተመልሼ ወረድኩ።