ቅቤም ሽንኩርትም የሌለው ድግስ

ከላስ ቬጋስ መነሳት

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ከላስ ቬጋስ ተነሳሁ። የጉዞዬን ዓላማ ሳልደብቅ ልናገር፤ የተፈለግሁት እኔ ሳልሆን ቫኔ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ሚድ ዊልሻየር የምትኖረው ታላቅ እህቴ አልማዝ በሳምንቱ መጀመሪያ ደውላ፣ "ግርማ፣ ዓርብ ኦፍ ነህ አይደል? ቫንህን ይዘህ ና፤ ትልልቅ ድስት የምናመላልስበት አለን" አለችኝ። ደህና ነህ ወይ ያለችኝ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልማዝና ጎረቤቶቿ በየወሩ ፌርፋክስ ላይ ባለ አንድ አዳራሽ ይሰበሰባሉ። በየተራ አንድ ሰው የአገሩን የቤት ምግብ ሠርቶ ያበላል፤ ሬስቶራንት የማይሸጠውን፣ እናት ለልጇ የምትሠራውን ዓይነት። የዚህ ወር ተራ የእትዬ ሃንሳ ነበር። እትዬ ሃንሳ ከአልማዝ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ከሕንድ አገር ከጉጃራት የመጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ለሰው ምግብ ሠርተው አያውቁም። ቴክሳስ ያለው ልጃቸው ኪራን ደግሞ "ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ" ብሎ ሊወስዳቸው ትኬት ቆርጧል። እሳቸው መሄድ አይፈልጉም፤ የልጅ ነገር ሆኖ ግን እምቢ ማለት አቃታቸው።

"ሶ፣ ልጁም ድግሱ ላይ ይመጣል" አለች አልማዝ። "እናቱ ሰው እንዳላቸው በዓይኑ ይይ። ሰዉ በደንብ ከበላላቸው ምናልባት ይተዋቸዋል።"

በረሃው

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። የሞሃቪን በረሃ በነሐሴ፣ ያውም በባዶ ሆድ ማቋረጥ ምን እንደሚመስል የሞከረው ያውቀዋል። ግራ ቀኙ የተቃጠለ ድንጋይና ቁጥቋጦ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ውሃ የሚመስለው አስፋልት እየሸሸ ይሄዳል። ባርስቶው ላይ ቤንዚን ቀዳሁ። ጋሎኑ እኛ ጋ ከሚሸጥበት በአንድ ዶላር ገደማ ይበልጣል፤ ካሊፎርኒያ እንግዳዋን ገና ከበር ኪሱን ትዳብሰዋለች። ከማደያው አጠገብ የሚጠበስ ሥጋ ይሸታል። መስኮቴን ዘግቼ ወጣሁ። ውሃ ግን ጠጥቻለሁ፤ ጉሮሮው የደረቀ ሾፌር ለመንገደኛውም አደጋ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ።

ከተራራው ቁልቁል ከወረድኩ በኋላ መንገዱ እንደ ሰርግ አጀብ ይጎተት ጀመር። ሎስ አንጀለስ ደረስኩ ማለትና መድረስ ለየቅል ናቸው።

ሚድ ዊልሻየር፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ

ፓርኪንግ ፍለጋ ሕንጻውን ስዞር ቆይቼ ወደ ላይ ስወጣ አልማዝ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ የሌሊት ሥራ አድራ ስለመጣች ዓይኗ ቀልቷል። ገና ሳትስመኝ ድስት አሸከመችኝ።

እትዬ ሃንሳ ቀጭን፣ ነጭ ሳሪ የለበሱ ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ድምፃቸው አይሰማም፤ በወጥ ቤታቸው ውስጥ ግን የጦር አዛዥ ናቸው። በእንግሊዝኛ የተባባልነውን ነው በእኛው ቋንቋ የማስቀምጠው። "ይህን አታጋድለው፣ ያንን ሳትከድን አትውሰድ" እያሉ አንድ ትልቅ ድስት ቢጫ የክክ ወጥ፣ አንድ ድስት ነጭ ሩዝ፣ በፎጣ የተጠቀለለ ክምር ቂጣ አስረከቡኝ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆመዋል አሉ። ያ ሁሉ ድካም በፊታቸው ላይ አይታይም፤ ይልቅ እንደ ሙሽራ እናት ደስ ብሏቸው ነበር።

ወደ ፌርፋክስ

ሁሉም ተሰናድቶ እስኪጫን ስምንት ሰዓት አለፈ። እትዬ ሃንሳ ከጎኔ፣ አልማዝ ከኋላ ድስቱን አቅፋ ጉዞ ጀመርን። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ሽታው መጣ። ከማለዳ ጀምሮ እህል ያልቀመሰ ሰው አፍንጫው አይሳሳትም፤ ንጥር ቅቤ ነው።

"እትዬ ሃንሳ፣ ወጡ ውስጥ ቅቤ አለ?"

"አለ እንጂ። ወጡም ውስጥ፣ ቂጣውም ላይ። ጾም ነው ስትሉኝ ነው ያበዛሁት።"

ለካ ጥፋቱ ከሁለቱም ወገን ነው። አልማዝ "ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፣ ዕንቁላል የለም" ብላ ነግራቸዋለች። ቅቤን አላነሳችም፤ እኛ ዘንድ ጾም ብሎ ቅቤ የሚያስብ ሰው ስለሌለ። በእሳቸው ወግ ደግሞ ሰው ሲጾም እህል ትቶ ወተትና ቅቤ ይቀምሳል፤ ከላም የተገኘ ንጹሕ ነው፤ ለጾመኛ ክብር የሚሰጠው በቅቤ ነው።

"ዝም ብንልስ? ማን ያውቃል?" አልኳት በአማርኛ።

"ጋሼ ደምሴ ቅቤን ከአንድ ብሎክ ያሸቱታል" አለች። "ደግሞ አስጾሜ ላስገድፋቸው እንዴ? በል ንዳ።"

እትዬ ሃንሳ የተባባልነውን አልሰሙም፤ ፊታችንን ግን አይተዋል። አልማዝ እንደምንም አድርጋ ነገረቻቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወደ ውጭ ብቻ ያዩ ጀመር።

አዳራሹ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል

አዳራሹ ሞልቷል። ከቅዳሴ የወጡት ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ሆዳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ኪራን ከሁሉ ቀድሞ መጥቷል፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትሑት፣ ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ እናቱን ወደ ጥግ ወስዶ፣ "እማዬ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ። እነዚህ ሰዎች አያውቁሽም፣ አንቺም አታውቂያቸውም። በቃ እንሂድ" አላቸው። ክፉ ልጅ አይደለም። እንኳን እሱ እኔም በሱ ቦታ ብሆን የምለው እሱኑ ነው።

አልማዝ መሐል ቆማ እውነቱን አወጣችው። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምግቡ ቅቤ አለበት። ሩዙ ብቻ ነው የጾም። ትንሽ ብትታገሱን ሌላ ወጥ እንሠራለን።" ጋሼ ደምሴ፣ ከተማው ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ያረጁ አዛውንት፣ "ከጠዋት የታገስን አሁን ምን ያቅተናል? ሥሪ ልጄ" አሉ። ከበርባንክ የመጡት ጴንጤ ወዳጆቻችን ደግሞ ፍልሰታ የማይመለከታቸው ስለሆኑ በቅቤው ድስት ዙሪያ ቦታቸውን ያዙ። እንዲህ ባለ ቀን ጴንጤ አለመሆን ያስቆጫል።

ከጎን ካለው ሬስቶራንት የምስር ክክ ለመንን። እትዬ ሃንሳ በዘይት ሊሠሩ ተስማሙ፤ ዝም ብለው ምስሩን አጠቡ። አልማዝም ለማገዝ እንደ ልማዷ ቢላዋ አንስታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ማን ነግሯት? የኛ ሰው ድስት ከጣደ እጁ በራሱ ሽንኩርት ይፈልጋል። ሁለተኛውን ስትልጥ እትዬ ሃንሳ ከምድጃው ሸሹ።

"ለእናንተ አድርጉት" አሉ። "በሃይማኖቴ ሽንኩርት አልበላም። እኔ ሩዙ ይበቃኛል።"

አልማዝ ቢላዋውን አስቀመጠች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ ነገር እንጃ እንባዋ ይወርዳል። "ሽሮውስ?" አለች።

ባላቸው ካረፉ ጀምሮ አልማዝ በየሳምንቱ ሽሮ በሳህን ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ ኖራለች። ሽሮው ግማሹ ሽንኩርት ነው።

"ለሕንጻው ዘበኛ እሰጠው ነበር፤ በጣም ይወደዋል" አሉ እትዬ ሃንሳ። "ባሌ ከሞተ በኋላ በሬን የምታንኳኪው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ሽንኩርት አልበላም ብዬ እንዴት ልመልስሽ?"

ኪራን በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። የሸሚዙን እጅጌ ጠቀለለና የተከተፈውን ሽንኩርት ሰብስቦ ከድስቱ አራቀው።

ወጡ በሰናፍጭ ፍሬ፣ በከሙን፣ በዝንጅብል፣ በቲማቲምና በእርድ ተሠራ፤ መጨረሻ ላይ ሎሚና ቁንጥር ስኳር ገባበት። ቅቤ የለው፣ ሽንኩርት የለው። ጋሼ ደምሴ በሩዝ ቀላቅለው ጎረሱ። አዳራሹ የሳቸውን አፍ ያያል።

"ይጣፍጣል እንዴ?" አልኳቸው።

"ስኳሩ ባይኖር ይሻል ነበር" አሉ። "አልማዝን ድገሚኝ በላት።"

እውነቱን ለመናገር ሁሉም አልወደደውም። አንዳንዱ በርበሬ ነሰነሰበት፣ አንዳንዱ ሩዙን ብቻ በላ። ግን እትዬ ሃንሳና አልማዝ ከአንድ ድስት ሲበሉ የመጀመሪያ ቀናቸው ነበር፤ እሱን ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ይቺኛዋን ቅቤ ጾሙም አይከለክልም።

ሰዉ ሊበተን ሲል እትዬ ሃንሳ አልማዝን፣ "ጾማችሁ መቼ ነው የሚፈታው?" ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ትኬቱን መልሰው" አሉት፤ ድምፃቸው ያኔ ነው ጎልቶ የተሰማኝ። "ቅቤውን ሳላበላቸው የትም አልሄድም።"

ኪራን እናቱን አየ፣ አልማዝን አየ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ እህቴን ቁጥሯን ጠየቃት።

መመለስ

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው በረሃ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ሳሰላስል ከጉዞው የተማርኩትን አዘጋጅቼ ነበር፤ ቤቴ ስደርስ ለባለቤቴ ለሰናይት እንደ ሰባኪ ነገርኳት። "ሰውን ከመጋበዝህ በፊት ምን እንደማይበላ ጠይቅ" አልኳት።

ሰናይት ታሪኩን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ ራሷን ነቀነቀች። "አልማዝ አስቀድማ ብትጠይቅ ኖሮ፣ ሽሮ አይበሉም ብላ ትቀር ነበር" አለች። "ያን ሁሉ ጊዜ በራቸውን ማን ያንኳኳላቸው ነበር?"

ከኛ ቀጥሎ ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ የፊሊፒንስ ሽማግሌ አሉ፤ ጎረቤት ከሆንን ዓመታት አልፈዋል፤ እጅ ከመነሳሳት በቀር አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ማታ ሰናይት የሠራችውን ምስር ወጥ በሳህን ቀዳሁ። ሽንኩርት አለበት። ይብሉ አይብሉ አላውቅም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።