ሳይጨመቅ የቆየው ገጽ

በመሥሪያ ቤቱ «ሚዛኑ» ይሉታል። ባልደረቦቹ ጠዋት ወሬ ሲለዋወጡ፣ እሱ ሰርቨሩ የተባለው ኮምፒውተር ለየሰዉ ስልክ የሚልከውን ገጽ መጠን ይለካል። መሥሪያ ቤቱ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የወረፋ ገጽ ያስተዳድራል፤ ሕመምተኛው በስልኩ ቁጥሩን አስገብቶ ተራው መቼ እንደሆነ የሚያይበት።

አንድ ቀንና አንድ ሰዓት ለማሳየት ገጹ ከሁለት ሜጋባይት በላይ ተሸክሞ ይሄድ ነበር። ሰርቨሩ ጨምቆ ቢልከው፣ ተቀባዩ ስልክ ራሱ መልሶ ይዘረጋዋል፤ አንዲት ፊደል አትጎድልም። የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ላይ ጥቂት መስመር መጻፍ ብቻ ነው። ሚዛኑ ይህንን ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከተ። ኃላፊው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። በአራተኛው ስልካቸውን አውጥተው እዚያው ቢሯቸው ውስጥ ገጹን ከፈቱና፣ «ይኸው ተከፈተ። የሚሠራ ነገር አይነካም» አሉት። ነገሩ በዚያው ቀረ።

ሚዛኑን እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሩቅ ከተማ ልብስ ትሰፋለች። ሊጠይቃት የሄደ ዕለት ጨርቁን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ ስትሰፋ አገኛት። ሲያፋጥጣት ነው የነገረችው፤ የዓይን ግፊት ይዟት፣ የከተማዋ ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ወደዚያው ሆስፒታል ጽፎላት ተራ እየጠበቀች ኖሯል። እሱን ላለማስቸገር ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች።

«ተራዬ ገና መሰለኝ፣ ወንድምዓለም» አለችው ስልኳን እያቀበለችው። «በከፈትኩት ቁጥር ነጭ ሆኖ ይቀራል።»

ስልኩ አሮጌ ነው፤ ኔትወርኩ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ይላል። ሁለቴ ሞክሮ ገጹ መንገድ ላይ ቀረ። ሦስተኛውን ደጅ ወጥቶ፣ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ከፈተው። ተራዋ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። ከሥሩ፣ «ባለመቅረብዎ ተሰርዟል» ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ የኛ ገጽ ነው» አላት።

«የናንተ ነው እንዴ? ታዲያ ለምን አይከፈትም?» አለችው። ክፋት አስባ አይደለም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማንንም ሳያስፈቅድ ሰርቨሩን ጨምቆ እንዲልክ አደረገው። ገጹ ከሦስት መቶ ኪሎባይት በታች ወረደ። ደጋግሞ ለካው፤ ያው ነው። ከሰዓት በኋላ «ያለ ፈቃድ ነክተሃል» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰውና ፈርሞ ተቀበለ። በዓመቱ መጨረሻ ኃላፊው በሆስፒታሉ አለቆች ፊት ቆመው፣ «ገጻችንን ወደ ሰባት እጅ አቀለልነው» ሲሉ ተጨበጨበላቸው። ያሳዩት ሰንጠረዥ ሚዛኑ የሠራው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አለ በሆዱ፤ ውሻው ኃላፊው ይሁኑ ወይስ እሱ ራሱ ግን አልለየለትም።

እህቱ በአዲስ ተራ ታከመች። ቀኝ ዓይኗ ተረፈ፣ ግራው ጠፋ። ያከሟት ሐኪም የዘገየችበት አራት ወር ብዙ ነበር አሏት። ስፌቱን ተወች፤ የስፌት መኪናዋን ለጎረቤቷ ልጅ ሰጠች። ሚዛኑ ስልክ ደውሎ ጥፋቱን ከሥሩ ሊነግራት ሲጀምር አቋረጠችው።

«አሁን ቶሎ ይከፈታል ሲሉ ሰማሁ። ለሌላው ይጥቀም።»

ብትሰድበው ይቀለው ነበር። ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ በልቻለሁ አላት። አልበላም ነበር።