ዐሥሩ ቡሎኖች

መካኒኩ ከካርቱም ይዞት የወጣው ንብረት አንድ ረጅም የማጥበቂያ ቁልፍ ብቻ ነው ይባላል፤ ቡሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለው ዓይነት። ዛሬም በአበባማ የሴት ሻሽ ጠቅልሎ ነው የሚያስቀምጠው። ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ ከጋራዦቹ ዳር፣ ከኒም ዛፍ ሥር ይሠራል። ስሙን የጠየቀው ሰው የለም፤ ሁሉም በዐረብኛ «ኡስታ»፣ ባለሙያው፣ ይለዋል። ሸሚዙ በግሪስ ጠቁሯል፣ አንገትጌው ግን እስከ ላይ ተቆልፏል።

ሹፌሩ አንዳርጋቸው የሚኒባሱ የቴስታ ጓርኒሲዮን፣ በቡሎን የሚታሰረው የሞተሩ ክዳን ማሸጊያ፣ ተቃጥሎበት እዚህ ቆሟል። ባሱንዳ እርሻ ላይ ሰሊጥ አጫጆች ይጠብቁታል።

«ኡስታ፣ አሮጌዎቹ ቡሎኖች እኮ ደህና ናቸው። እነሱኑ መልሳቸውና ልሂድበት» ብሎ ለመነው።

«አንዴ የተሳበ ቡሎን ደህና ይመስላል» አለ ሰውዬው ቀና ሳይል። «እኔም ከካርቱም ዐሥር ሰው ጭኜ ስወጣ ደህና መስሎኝ ነበር። በረሃ መሀል ለቀቀብኝ፤ እዚህ የደረስኩት ብቻዬን ነው።»

አዲሶቹን ዘይት ቀብቶ ከመሀል ወደ ዳር ያጠብቅ ጀመር። እንደ ሌላው መካኒክ በቁጥር አይደለም፣ በሰው ስም ነው። «ጀማሉ… ባሕሪያ… ሙዓዊያ…» ስምንተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ አበባማው ሻሽ ላይ ያርፋል፣ ድምፁም ዝቅ ይላል፤ «ሳና።» አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር። አንዳርጋቸው ችኮላውን ረስቶ ስሞቹን ሸመደዳቸው።

በመጨረሻው ዙር፣ ስምንተኛው ቡሎን ላይ፣ የሰውዬው እጅ እንደያዘ ቀረ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

አንዳርጋቸው ጎንበስ አለና «ሳና» አለው።

ሰውዬው ሳበ። ቁልፉ ቀጭ አለ።