ሕመሜ ከእኔ ቀድሞ ገዋኔ ደረሰ

በደርግ ጊዜ፣ ከዱብቲ ብዙ በማይርቅ አንድ የጥጥ እርሻ ውስጥ የግማሽ ቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ ሰመራ የሚባለው ከተማ ያኔ ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው። ሥራዬ ጠዋት የመስኖ ቦይ መክፈት፣ እኩለ ቀን ላይ መዝጋት ነበር። ከሰዓት በኋላ ጫማ እጠግናለሁ እል ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ጥላ ሥር ተቀምጬ ሰው አማ ነበር።

አንድ ቀን ቦዩን እንደከፈትኩ ወባ ጣለችኝ። የእርሻው ክሊኒክ ሩቅ ነው። ቅርቤ ያለው የአፋር ከብት አርቢዎች ሰፈር ነበር። እየተንገዳገድኩ ሄጄ አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ወደቅኩ። ሴትየዋ ምንጣፍ ዘርግታ አስተኛችኝ፤ የግመል ወተት እያጠጣች፣ ባሏ ከዱብቲ ያመጣውን ኪኒን እያስዋጠች ስምንት ቀን አስታመመችኝ።

ድኜ ስመለስ ቦዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ያለ ፈቃድ ቀርተሃልና ልትሰናበት ነው ተባልኩ። ቋሚ ሠራተኛ ሲታመም ደመወዙ አይቋረጥም። ለእኛ ለግማሾቹ ይህ መብት ይኑር አይኑር ግን ደፍሮ የጠየቀ አልነበረም። እኔም የጠየቅኩት ጀግና ሆኜ ሳይሆን መሄጃ ስላጣሁ ነው።

የሠራተኛ ማኅበሩ ኮሚቴ መጋዘን ውስጥ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ቆፍጣና የወሎ ሰው ነበር።

«ጓድ፣ የሐኪም ወረቀት አለህ?»

«የለኝም፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታዲያ መታመምህን በምን እንወቅ?»

«መልኬን አይታችሁ።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። መልኬ ጤነኛም ሆኜ የበሽተኛ ስለሆነ ማስረጃ አይሆንም ተባለ።

«ግማሽ ቀን እየሠራህ የሙሉ ሰው ሕመም ትጠይቃለህ?» አለኝ ከኮሚቴው አንዱ።

«ወባዋ ከሰዓት በኋላ መቼ ፋታ ሰጠችኝ!»

በዚህ መሃል አንድ አፋር ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ገቡ። ጉዳዬን የሰማችው አስታማሚዬ የላከቻቸው አጎቷ ናቸው።

«አባቴ፣ ሲታመም አይተውታል?» አላቸው ሊቀመንበሩ።

«አላየሁም። ያኔ ገዋኔ ነበርኩ። እዚያ ሰማሁ።»

ገዋኔ ከእኛ በእግር የብዙ ቀን መንገድ ነው። ግን አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይነጋገር አይተላለፍም። ዳጉ ይሉታል። በዳጉ ላይ የጨመረ ወይም የቀነሰ ሰው ከዚያ ወዲያ የሚያምነው የለም።

ሽማግሌው ቀጠሉ፦ «በገበያው ማግስት ጠዋት ወደቀ። ቀኝ እግሩ ጫማ አለው፤ ግራው የለውም፤ ራሱ የጠገነው ስለሆነ መንገድ ላይ ተበትኗል። ሦስት ቀን ራሱን አላወቀም። በአራተኛው እናቱን እየጠራ አለቀሰ፤ ‹ከዳንኩ ሁለተኛ ሰው አላማም› ብሎ ማለ። በስድስተኛው ቀን ተነስቶ ተቀመጠና ስለ ካቦው ማማት ጀመረ።»

አለቃዬ ካቦው ከኋላዬ ተቀምጧል። ያን ጊዜስ መሰናበቱ ራሱ ይሻለኝ ነበር።

«ይሄ ወሬ ነው አባቴ» አለ ሊቀመንበሩ። «በወሬ ደመወዝ አይከፈልም።»

«ስለ አንተም ወሬ አለ። እሱ በወደቀ ማግስት መኪናህ ጭቃ ያዛት። ሱሪህን ሰብስበህ፣ ጫማህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ወጣህ። ግራ ቀኝ አየህና ‹ተመስገን፣ ያየኝ የለም› አልክ። እሱም ገዋኔ ደርሷል። ውሸት ነው?»

ሊቀመንበሩ ጫማውን አየ። ከዚያ ጓድነቱን ረስቶ «ወላሂ፣ እውነት ነው!» አለና ከሁላችን ቀድሞ ሳቀ።

በቃለ ጉባኤው የግማሽ ቀን ሠራተኛም ሲታመም በሚሠራበት ሰዓት ልክ እንዲከፈለው፣ ከሥራም እንዳይሰናበት ተጻፈ። ክሊኒክ ለራቀበት የአካባቢው ሽማግሌ ምስክርነት ይበቃል ተባለ። የእርሻው አስተዳደርም ተቀበለው። እኔ ወደ ቦዬ ተመለስኩ። በዚያው ወቅት አንዲት የግማሽ ቀን ጥጥ ለቃሚ ታመመችና ቤቷ ተኛች። ስትመለስ ረድፏ ላይ ሌላ ሰው አልቆመም ነበር።

ችግሩ ለእኔ ነው። አንድ ጠዋት እንቅልፍ አሸነፈኝና ዛሬስ ታምሜያለሁ ልበል ብዬ አሰብኩ። ከጥላዬ ሥር ቀና ስል፣ ከቦዩ ማዶ ግመሎቹን የሚነዳ አንድ አፋር ቆሞ ያየኛል። ሰላምታ ሰጠሁትና ተነስቼ ውኃውን ከፈትኩ።